ሆዳም የሚባለው ማነው?

በአማርኛችን እንደ ሆድ ብዙ ሥራ የተጫነበት የሰውነት ክፍል ያለ አይመስለኝም። ታጋሹን ሰው ስናመሰግን ሆደ ሰፊ እንላለን፤ ቶሎ የሚከፋውን ሆደ ባሻ እንለዋለን፤ ያዘነ ሰው ሆዴ ባባ ይላል፤ ምሥጢር የያዘ በሆዴ ይዤዋለሁ ይላል። ፍቅሩም፥ ቂሙም፥ ርኅራኄውም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ይህ ሁሉ ክብር ለሆድ ከተሰጠ በኋላ ግን አንዲት ስድብ መጥታ ሁሉንም ታፈርሰዋለች። እርስዋም ሆዳም የምትባለው ናት። አገሩን ለጥቅም የሸጠ ሆዳም ይባላል፤ ጉቦ የበላ ሹም ሆዳም ይባላል፤ ይህስ ይሁን፥ ይገባዋል። ነገር ግን ስድቢቱ በዚህ አትቆምም። ምንም ያልሸጠ፥ ማንንም ያልበደለ፥ ሰውነቱ ግን ከሌላው የገዘፈ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ያችው ስድብ ከኋላው ትከተለዋለች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ይችን ስድብ ለመክሰስ ነው። ምስክር አድርጌ የምጠራቸውም ስለ ውፍረታቸው ሲሉ ጨጓራቸውን በቀዶ ጥገና ያስቀነሱ ሰዎች ናቸው። ምናልባት በመካነ ሰላም ወይም በአቀስታ ተቀምጠህ ይህን ስታነብ «ይህ የፈረንጅና የባለጠጋ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትል ይሆናል። ጥቂት ታገሠኝ። እንደ ወሎ ሰው ይህ ነገር የሚመለከተው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። በአሜሪካ አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበረ። ይህ ሰው በጨጓራ ቁስል ምክንያት የጨጓራቸው ከፊል ተቆርጦ የወጣላቸው ሴቶች ከዚያ በኋላ ለመወፈር እንደሚቸገሩ ተመለከተ። ከዚህም ተነሥቶ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ጨጓራን ለሁለት ከፍሎ፥ ጥቂቱን ብቻ ለምግብ ትቶ፥ ያንኑ ጥቂት ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ እየተሻሻለ ሄዶ ዛሬ ለምግብ የሚቀረው ከረጢት የዕንቁላል ያህል ነው። አሁን በብዙ አገር የሚዘወተረው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስቱን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ አውጥቶ፥ የቀረውን እንደ ሙዝ ቀጭን አድርጎ የሚሰፋ ነው። ይህ ሁሉ ለመልክ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው ክብደቱ ከ100 ኪሎ ሲያልፍ፥ በዚያም ላይ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሲጨመርበት፥ ጉልበቱ አልሸከም ሲለው፥ ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር የሚደረግ ነው።

ያንን 1966 ልብ በልልኝ። በእኛ አቆጣጠር 1958 ዓ.ም. ነው። በዚያው ጊዜ ከመካነ ሰላም እምብዛም በማይርቀው በወረ ኢሉ አውራጃ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር፤ ወሬውም ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲንከባለል ወራት እንደ ፈጀ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ባደረጉት ጥናት ገልጸውታል። በአንድ ዘመን አንዱ ጨጓራ አለልክ ስለ ተሞላ ሲቆረጥ፥ ሌላው ጨጓራ ባዶውን ይደርቅ ነበር ማለት ነው። ይህን የማነሣው ፈረንጅን ለመውቀስ አይደለም። ሁለቱ ጨጓራዎች ከአንድ ሥጋ የተሠሩ፥ በአንድ ሕግ የሚገዙ መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

ሕጉም ይህ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ኮጂማና ካንጋዋ የሚባሉ የጃፓን ሊቃውንት ከጨጓራ ውስጥ ወደ ደም የሚወጣ አንድ ሆርሞን አገኙና ግሬሊን ተባለ። ጨጓራው ባዶ ሲሆን ይህ ሆርሞን በደም ይበዛል፤ ወደ አንጎልም ደርሶ «ብላ» ይላል። ሰው ሲበላ ይቀንሳል። ከዚህ ተቃራኒ ደግሞ ምግብ ሲደርስበት ከአንጀት የሚወጣ «ይበቃል» የሚል መልእክተኛ አለ። ሐኪሙ ጨጓራውን ሲቆርጥ ግሬሊን ብዙውን ጊዜ የሚመነጭበት የላይኛው ክፍል አብሮ ይወጣል፤ ምግቡም ፈጥኖ ወደ አንጀት ስለሚደርስ «ይበቃል» የሚለው መልእክት ይበረታል።

ጨጓራቸውን ያስቆረጡ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚገረሙበትም ይህ ነው። ሊቀንሱ እንደሚችሉ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ ያልጠበቁት ግን ዝምታውን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጆሯቸው ሲጮኽ የኖረው የ«ብላ» ድምፅ አንድ ቀን ጠዋት ሲነቁ ጸጥ ብሏል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሌላው ሰው እስከ ዛሬ የኖረው እንዲህ ሆኖ ነውን? ታዲያ ‹ምነው ትንሽ ብትታገሥ› ይለኝ የነበረው ምን የሚታገሠው ነገር ነበረበት?»

እኔም ጥያቄውን ወስጄ ለተሳዳቢው አቀርብለታለሁ። ስግብግብነት የነፍስ ጠባይ ነው ትላለህ፤ ይሁን። ታዲያ የሐኪም ቢላዋ ነፍስ ላይ እንዴት ደረሰ? ትላንት ሆዳም ያልኸው ሰው ዛሬ ሦስት ጉርሻ በልቶ እጁን ሲታጠብ በአንድ ሌሊት ባሕታዊ ሆነን? ጠባዩ ያው የትላንቱ ነው፤ ደግ ከነበረ ደግ ነው፥ ቁጡ ከነበረ ቁጡ ነው። የተለወጠው የሥጋው መልእክት ነው። እንግዲያስ ስትሰድበው የኖርኸው ጠባዩን ሳይሆን ደሙን ነበረ።

በዚህ ላይ ብልህ መስሎ የሚነሣ አንድ ተከራካሪ አለ፤ እርሱን ሳልመልስ አላልፍም። እንዲህ ይላል፤ «የለጋምቦን ገበሬ ተመልከት። ገብስ ቆሎ ቆርጥሞ፥ በሶ በጥብጦ፥ ከሌሊት እስከ ማታ ሞፈር ይዞ ይውላል፤ ቦርጭ የለውም። ጾሙን ይጾማል፥ ረመዳኑን ይይዛል። የከተማው ሰው እንደርሱ ሆዱን ቢገዛ ኖሮ ቢላዋ ባላስፈለገው ነበር።» ይህ አነጋገር ገበሬውን የሚያከብር ይመስላል። እኔ ግን በገበሬው ላይ እንደዚህ ያለ ስላቅ ሰምቼ አላውቅም እላለሁ። ያ ገበሬ ቦርጭ ያላበጀው ሆዱን ስለ ገዛ አይደለም፤ የሚበላው በልክ ስለሆነ፥ አንዳንድ ጊዜም ከልክ በታች ስለሆነ፥ ዳገቱንም በእግሩ ስለሚወጣ ነው። በልግ ሲቀርበት የሚያጣውን ነገር ትሩፋት ብለህ አትሰይምበት። ልጁ ደሴ ወርዶ መኪና ሲነዳ፥ ወይም አዲስ አበባ ገብቶ ከወንበር ላይ ሲውል፥ ዘይቱና ስኳሩ ሲበዛለት፥ በጥቂት ዓመት ይወፍራል። አባትና ልጅ አንድ ደም ናቸው። ልጁ በመንገድ ላይ ምን ኃጢአት አገኘው?

የአገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት ይህንኑ ያሳያል። በ1992 ዓ.ም. ከ15 እስከ 49 ዓመት ካላቸው ሴቶች መካከል ከ100 ሦስቱ ያህል ከልክ በላይ የወፈሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ስምንት ሆነዋል። በዚያው ጊዜ አለልክ የቀጠኑት ከ30 ወደ 22 ወርደዋል። አንባቢ ሆይ፤ በ16 ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ሴቶች ጠባይ ተበላሸ ትላለህን? ወይስ ዘይት፥ ስኳርና መኪና መጡ ትላለህ?

ሆድን በፈቃድ መግዛት ይቻላል የሚለውን ነገር ደግሞ ሰዎች በእውነት ፈትነውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1944ና በ1945 ዓ.ም. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የሚባል ሊቅ 36 ጎበዛዝትን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ራት አኖራቸው። እነዚህ ሰዎች ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ ስለ ሕሊናቸው ብለው ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ፥ ጽኑ ጠባይ ያላቸው ነበሩ። ሆኖም ወራቱ ሲገፋ ከምግብ በቀር ሌላ ነገር ማሰብ አቃታቸው፤ የወጥ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ነበር፤ ሳሕን ይልሱ ነበር፤ ፈተናው አልቆ እስኪጠግቡ ሲሰጣቸውም ለብዙ ጊዜ አልጠግብ አሉ። በአውስትራሊያም 50 የሚሆኑ ወፍራም ሰዎች ለ10 ሳምንት ምግባቸውን እጅግ ቀንሰው ከከሱ በኋላ ደማቸው ሲመረመር፥ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ግሬሊናቸው ከፊተኛው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ታትሟል። ሥጋ የከሳበትን ዕለት አይረሳም። የወፈረ ሰው ሲከሳ ሥጋው የሚያስበው «ሰውየው አማረበት» ብሎ አይደለም፤ «ረሃብ ገባ» ብሎ ነው።

ከረሃብ ስም ላይ ከደረስን ዘንድ ጥቂት እንቁም። በወሎ መሬት ላይ ቆሞ ረሃብን እንደ መድኃኒት ማመስገን ነውር ነው። የ1965ና የ66ቱ ረሃብ የወሎን ሕዝብ እንደ ቅጠል አረገፈው። የ1977ቱ ደግሞ ከእርሱ የባሰ ሆኖ መጣ። የሚያስደነግጠው ግን ረሃቡ ያልፋል ያልነው ነገር በሥጋ ውስጥ መቅረቱ ነው። በሆላንድ አገር በጦርነቱ ጊዜ በ1944ና በ1945 የፈረንጅ ዓመት ክረምት ብርቱ ረሃብ ሆኖ ነበር። በዚያ ጊዜ በእናታቸው ማሕፀን በመጀመሪያዎቹ ወራት የነበሩ ወንዶች 19 ዓመት ሲሞላቸው ለወታደርነት ተመዘኑ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ወፍራሞች የተገኙባቸው እነርሱ ሆኑ። በእኛም አገር በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ የ1977ቱ ረሃብ በማሕፀን ሳሉ የደረሰባቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ ተመርምረው፥ ውፍረትና ቦርጭ ከሌላው የበለጠ የሚያሰጋቸው ሆነው ተገኝተዋል። ማሕፀን ውስጥ የተራበ ሥጋ ያገኛትን ሁሉ ማስቀመጥ ይማራል። እንግዲህ ዛሬ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ መንገድ ላይ አንድ የገዘፈ ሰው አይተህ ሆዳም ስትለው፥ ምናልባት የምትሰድበው ያን የረሃብ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላንሣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ቀን ዋዜማ፥ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያነሣው ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ ደርግም በመካከሉ የቤተ መንግሥቱን ግብዣ አስገብቶበት ነበር። የተራበ ሕፃንና የሠርግ ኬክ ጎን ለጎን! እውነት ነበረበት፤ የሚያስቆጣም ነበረ። ነገር ግን እንደ እኔ አስተያየት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ወፍራም ሰውነት በዓይናችን ክስ ሆኗል፤ የሰው ድርሻ የበላ ሁሉ ወፍራም፥ ወፍራም ሁሉ የሰው ድርሻ የበላ ይመስለናል። የሚገርመው ግን እኛው ራሳችን ልጃችንን ስንድር አማቻችን ደልደል ያለ እንዲሆን እንመኛለን፤ ከከተማ የመጣውን ዘመድ «ወፍረሃል፥ ተመችቶሃል» ብለን እንመርቀዋለን። በአንድ አፍ መርቀን በአንድ አፍ የምንረግመው ይኸው አንዱ ሥጋ ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ እንግባ። እስቲ አንዲት የቦረና ልጅ በሐሳብህ አቁም። አሜሪካ ሄዳ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ውፍረትና ስኳር በሽታ አስቸግሯት ጨጓራዋን አስቆርጣለች፤ በዓመቱ 40 ኪሎ ቀንሳ ለእኅቷ ሠርግ አቀስታን አልፋ መካነ ሰላም ትገባለች። የመጀመሪያው ሰላምታ ምን ይመስልሃል? «ምነው ልጄ፥ ምን ነካሽ? ከስተሽ የለም ወይ!» ነው። ከኋላዋም ሹክሹክታ ይነሣል፤ አንዷ ክፉ በሽታ ይዟት ነው ትላለች፤ ሌላዋ ባሏ አስጨንቋት ነው ትላለች። እርስዋ ግን በዕድሜዋ እንደዚያን ቀን ጤና ተሰምቷት አያውቅም። ወፍራ በነበረችበት ጊዜ ታማ ነበር፤ ያን ጊዜ አማረባት አሏት። በዳነች ጊዜ ታመመች ይሏታል።

ከዚያ መሶቡ ይቀርባል። አክስቷ የተከመረውን ጉርሻ አንሥተው «አፈር ስሆንልሽ፥ ይችን ብቻ!» ይላሉ። አንዲቱን ትቀበላለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይመጣል፤ በሞቴ ተብሎ ሦስተኛው። የቀረው ጨጓራዋ ልኩ ትንሽ ነው፤ ምግቡን አላምጣ አላምጣ፥ ዝግ ብላ መዋጥ አለባት፤ ከምግቡ ጋርም ውኃ እንድትጠጣበት አልተፈቀደላትም። ሦስተኛው ጉርሻ ደረቷ ላይ ይቆማል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ወደ ጓሮ ሮጣ ታስመልሳለች። በጠጁም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ሁለት ብርሌ የማይበግራት ሴት ዛሬ ግማሹ ያዞራታል፤ መጠጥ በእንደዚህ ያለ ሆድ ውስጥ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባልና። ስኳር የበዛበት ነገር ደግሞ በድንገት አንጀት ውስጥ ሲወድቅ ልብ ያስመታል፥ ያንቀጠቅጣል። ይህን ሁሉ ለተሰበሰበው ዘመድ እንዴት ታስረዳ? «ጠገብሁ» ብላለች። እኛ ዘንድ ግን ጠገብሁ ማለት የይሉኝታ ቃል እንጂ የእውነት ቃል ሆኖ አይቆጠርም። ሦስት ጊዜ ካልተባለ አይታመንም፤ ሦስት ጊዜ ከተባለ ደግሞ ንቀት ይሆናል።

እዚህ ላይ አክስቲቱን ብቀየማቸው ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በ1966 ዓ.ም. ወጣት የነበሩ እናት ናቸው እንበል። ማዕድ ሲነጥፍ አይተዋል፤ ለልጅ የሚያጎርሱት ታጥቶ አይተዋል። በእርሳቸው እጅ ላይ ያለው ጉርሻ የፍቅር ብቻ አይደለም፤ የፍርሃትም ነው። «ዛሬ ያለውን ዛሬ ብዪ፤ ነገ አይታወቅም» እያሉ ነው። ስለዚህ በሞቴ ማለትን እንደ አላዋቂነት የሚስቁበትን ዘመናዊ ነን ባዮች አልወድም። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም በምሳ ሰዓት «አፈር ስሆን ብዪ» ያለ ሰው፥ እርስዋ ገና ወፍራም ሳለች፥ ማታ ከእሳት ዳር ተቀምጦ «ያች ሆዳም» ሲላት የኖረ መሆኑን ነው። አስገድዶ ማብላትና የበላውን መስደብ ከአንድ አፍ መውጣት የለባቸውም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚል ተረት አለን፤ እኔ ደግሞ የእኛ ማዕድ የጠገበ ሰው መኖሩን ገና አልተቀበለም እላለሁ።

ለመሆኑ ይህች ሴት ከተቆረጠች በኋላ በአሜሪካ ሳለችስ ሁሉ ሰመረላትን? እንደዚያ ብዬ ብነግርህ አታለልሁህ ማለት ነው። ቢላዋው የሚደርስበት ሥፍራ አለው፤ የማይደርስበትም አለው። ብዙዎቹ ከከሱ በኋላ በመስታወት ፊት ቆመው አሁንም ወፍራሙን ሰው ያዩታል። ቆዳቸው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፀጉራቸው ይረግፋል። ሲከፋቸው ወይም ብቸኝነት ሲይዛቸው በምግብ ይጽናኑ የነበሩት ደግሞ መጽናኛቸውን አጡት፤ ሐዘኑ ግን አብሮ አልተቆረጠም። ከእነርሱም አንዳንዱ በምግብ ፈንታ ወደ መጠጥ ይዞራል፤ ሐኪሞችም ይህን አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ።

በትዳርም ያልታሰበ ነገር ይመጣል። በስዊድን አገር እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ያደረጉ ብዙ ሰዎች ለዓመታት ሲከታተሏቸው፥ ባለትዳሮቹ ካላደረጉት ሰዎች ይልቅ መለያየት በዝቶባቸዋል፤ ብቸኞቹ ደግሞ ከሌላው ይልቅ አግብተዋል። ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ታትሟል። እኔ ይህን ስመለከት የሚታየኝ ይህ ነው፤ ውፍረቷን ሰበብ አድርጎ ሲንቃት የኖረ ባል ሰበቡ ሲወሰድበት ንቀቱ ራቁቱን ይቀራል። እርስዋም «ስለ ወፈርሁ ነው» ብላ ስትታገሠው የኖረችውን ነገር ከዚያ ወዲያ የምትታገሥበት ምክንያት ታጣለች።

ስለ ቁርጠቱ ጥቅምም እውነቱ ይነገር። በዚያው በስዊድን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የተጀመረና ብዙ ዓመት የቆየ ጥናት እንዳሳየው፥ ቀዶ ጥገናውን ያደረጉ እጅግ ወፍራሞች ካላደረጉት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ የስኳር በሽታም በብዙዎቹ ላይ ይለዝባል። ስለዚህ «ሰነፎች ናቸው፤ አቋራጭ ፈለጉ» የሚለው ሁለተኛው ስድብ ከፊተኛው የተሻለ አይደለም። አቋራጭ የሚባለው መንገድ ይህ ከሆነ እስቲ ሂደህ እየው። ከተቆረጠ በኋላ ለሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ከዚያ የላመ፥ ከዚያ ለስላሳ፥ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንጀራ። ውኃው በጉንጭ በጉንጭ ቀኑን ሙሉ ነው። ቪታሚንና ማዕድን፥ ይልቁንም ቢ12፥ ብረትና ካልሲየም፥ እስከ ዕለተ ሞት ይወሰዳል፤ ጨጓራው ከተቆረጠ ወይም ምግቡ እርሱን ዘልሎ ከሄደ ሥጋ ቢ12ን ከምግብ እንደ ቀድሞው መውሰድ አይችልምና። ይህን ችላ ያለ ሰው ደሙ ይመነምናል፥ እጅ እግሩ ይደነዝዛል። ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላም ከወረደው ክብደት ጥቂቱ የሚመለስባቸው አሉ፤ ጥቂቶቹማ ብዙው ይመለስባቸዋል።

ስለዚህ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ በርካሽ ሄደው አስቆርጠው በሳምንቱ ስለሚመለሱት ሰዎች አፌን አልዘጋም። ቀዶ ጥገናው የአንድ ሰዓት ወይም የሁለት ሰዓት ነገር ነው፤ ክትትሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ከተመለሰ በኋላ ደሙን በየጊዜው የሚመረምርለት፥ የሚመክረው ሐኪም ቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው ሥራውን ከመካከል ጀምሮታል። ለሠርግ ፎቶግራፍ ሲል ጨጓራውን የሚያስቆርጥም ካለ፥ ሐኪሙ ሊመልሰው ይገባል። ዛሬ ደግሞ ያንኑ «ይበቃል» የሚለውን የአንጀት መልእክት የሚመስል፥ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ወጥቶ ዓለሙ ሁሉ ይሻማበታል። መድኃኒትነቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ስኳር በሽታ ላለበት ሰው የተሠራውን መርፌ ለቀጭን ወገብ የሚገዛው ሰው፥ ከዚያ በሞቴ ከሚለው ማዕድ የሚለየው ምንድር ነው? አንዱ ወፍራም ሥጋን ያመልካል፥ ሁለተኛው ቀጭን ሥጋን።

ስለ ጾምም ጥያቄ ይነሣል፤ በቦረናና በሳይንት መቼም ክርስቲያኑም እስላሙም ጾሙን አጥብቆ ያከብራልና። ጨጓራው የተቆረጠ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ መጠጣት አይችልም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ ሲውል የውኃ ጥማቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ርኅራኄ አላቸው። ነገሩ የእርሱና የሐኪሙ፥ የእርሱና የንስሐ አባቱ ወይም የሸኹ ነው፤ ጎረቤት ገብቶበት «ጾም ገደፈ» እያለ የሚቆጥርበት ምክንያት የለም።

ያችን የቦረና ልጅ ከጓሮ ትተናት መጣን። በማግስቱ አክስቷ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ አስበዋለሁ። ሰማንያ እንጀራ የጋገሩ፥ መቶ ሰው ያበሉ እጆች ናቸው፤ ማብላት ካልቻሉ ምን ይሠሩባቸዋል? ጥቂት ይተክዛሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው «እንግዲያው ስንት ይበቃሻል፥ እታለም?» ይሏታል። እርስዋም ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ ታነሣና ታሳያቸዋለች። አክስቲቱ ሲኒውን ተቀብለው ያገላብጡታል፤ በሶውን ለስለስ አድርገው በጥብጠው እስከ አፉ ይሞሉላታል፤ ይሰጧትና ከጎኗ ይቀመጣሉ። ሁለተኛ አይሞሉም።